ለሕያዋ እናቴ የመጣ ዕጣን

ውድ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሰነበተ? የሐይቁ ንፋስ ከተነሣ ወዲህ የጓሮውን ደረጃ እንዴት እየወረድሽ እንደሆነ ሳስብ እሰጋለሁ። የጣሪያው ጥግ ዘንድሮም ያፈስሳል? የአጎቴ ሳልስ ቀለለለት? የጎረቤት ዶሮዎችስ ጎመንሽን ዛሬም ይመነጥሩታል? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ኦካያማ ፀሐዩ ገና አልከዳንም፤ ተማሪዎቼም ያለ ካፖርት ነው የሚመጡት። እህል እበላለሁ፤ እንቅልፍም አለኝ። ይህን የምልሽ ለወጉ አይደለም። ሁለት ወር ሙሉ ሁለቱም ርቀውኝ ነበር፤ አሁን ተመልሰውልኛል። የምጽፍልሽም እንዴት እንደተመለሱልኝ ልነግርሽ ነው።

ከዚያ በፊት ግን ይቅርታ አድርጊልኝ። ከሁለት ወር በፊት ጥቁር ልብስ የለበሰ፣ መነጽር ያደረገ ሰው ደጅሽ ድረስ መጥቶ ነበር። እሱ እንደነገረን ከሆነ፣ ማሳ ውስጥ ተንበርክካ ፍጅል የምትነቅል ሴት አገኘና "የሟቿ የወይዘሮ ኢቶሃራ ቤት የት ነው?" ብሎ ጠየቃት። ሴትዮዋም ቀና ብላ "ወይዘሮ ኢቶሃራ እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ጠዋት ግን አልሞትኩም" አለችው። ይህን ሲናገር ከተሰበሰበው ሰው ግማሹ ሳቀ። እኔ ያን ጊዜ አልሳቅኩም። አሁን ስጽፍልሽ ግን ብቻዬን እየሳቅኩ ነው።

አንቺ ስለዚህ ሰው አንድ ቃል አልጻፍሽልኝም። ምን እንደሆነ፣ ማን እንደላከው፣ ለምን እንደመጣ አልጠየቅሽኝም። ሳትጠይቂኝ ልንገርሽ።

ታንካ የሚባለውን አጭር ግጥም እንደምጽፍ ታውቂያለሽ። አንድ በጋ አክስቴ ኪኑ መጽሔቱን ከእጄ ነጥቃ እያገላበጠች "ሠላሳ አንድ ድምፅ ብቻ? እኔ ዓሣ ነጋዴውን ስሰድበው እንኳ ከዚህ ይረዝማል!" ስትል አንቺ አፍሽን በእጅሽ ሸፍነሽ የሳቅሽው ትዝ ይልሻል? እኔ ተቀይሜ እራት አልበላም ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ልክ ነበረች። ሠላሳ አንድ ድምፅ ለስድብ አይበቃም። የሚበቃው ለሌላ ነገር ነው።

የግጥም ማኅበራችንን ደንብ ግን አልነገርኩሽም። በየወሩ እያንዳንዳችን ለመምህር ናንባ አሥር ግጥም እንልካለን። እሳቸው የወደዱትን በቀይ ቀለም ያከብቡታል፣ ያልወደዱትን ይሰርዙታል። ከአሥሩ ሦስት ከታተመልሽ ወሩ መልካም ወር ነው። በስብሰባ ቀን ደግሞ ግጥሞቹ ሁሉ በአንድ ሰው እጅ ተገልብጠው፣ ስም ሳይኖራቸው፣ በቁጥር ብቻ ይቀርባሉ። የራስሽን ግጥም ሰው ሲረግጠው እየሰማሽ ፊትሽን ሳትለውጪ መቀመጥ አለብሽ። ይህን ደንብ እወደዋለሁ። ለወንድም ለሴትም፣ ለተማረም ሰሌን ለሚሸምንም እኩል ነው።

ስሙ ከተገለጠ በኋላ ግን ሌላ ደንብ ይጀምራል። ይህኛውን ማንም አልጻፈውም፤ ሁሉም ግን ይጠብቀዋል። በግጥሙ ውስጥ "እኔ" የሚለው ሰው ጸሐፊው ራሱ ነው። "ጥርሴን አመመኝ" ብሎ የጻፈ ሰው በሚቀጥለው ስብሰባ ሦስት ዓይነት የጥርስ መድኃኒት ተቀብሎ ይሄዳል። ወይዘሮ ሞሪያሱ የሚባሉ፣ ሰሌን የሚያሠሩ ባልቴት አሉን። ባላቸው በሕይወት ሳለ "ባሌን ጉድጓድ ልከተው ቃጣኝ" የምትል ግጥም አሳትመው ነበር። "ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪሞት ወደዚያ ጉድጓድ ዝር ብሎ አያውቅም። በአንድ ግጥም ምክንያት ሃያ ዓመት ውኃ ራሴ ቀዳሁ!" ይላሉ። እንዲህ ነን እኛ። የሌላ አገር ሰው ቢያየን ያበድን ይመስለዋል።

ባለፈው ጸደይ ማኅበሩ በየዓመቱ ለሚሰጠው ሽልማት ሠላሳ ግጥሞች ላክሁ። ርዕሳቸው "የሐይቅ አሸዋ" ነው። ሠላሳውም ስለ እናቴ ሞት ናቸው።

ቆይ፣ ደብዳቤውን እንዳታስቀምጪው። አንዷ ይህች ናት፦

እጇ ታጠበ
ሐይቁ ግን አለ
ጥፍሯ ሥር
እናቴን ሳጥብ
አሸዋው ቀረኝ

መምህር ናንባ ይህችን ጮክ ብለው ሲያነቡ ድምፃቸው ተሰበረ ይባላል። እኔ አልነበርኩም፤ ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ ነበር። ሽልማቱ ለእኔ ሆነ። ለተሸላሚ ማኅበሩ የመጀመሪያ መጽሐፉን ያሳትምለታል። ከአሥራ ስድስት ዓመቴ ጀምሮ የተመኘሁት ይህንን ብቻ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ።

ከዚያ ማጽናኛው ይጎርፍ ጀመር። አይቻቸው የማላውቃቸው ሰዎች ዕጣን፣ ሻይ ቅጠል፣ ነጭ ሻማ ላኩልኝ። ከፁያማ አንድ ሽማግሌ የገዛ እናታቸውን መቁጠሪያ "ከእኔ ይልቅ ለአንቺ ይገባል" ብለው ላኩ። ምን ልበል? "እናቴ ደህና ናት" ብል ዋሾ ነኝ። "አመሰግናለሁ" ብል፣ አንቺ በሕይወት እያለሽ፣ አሁንም ዋሾ ነኝ። "አመሰግናለሁ" አልኩ።

ሙት ዓመቱ ሲቀርብ ማኅበሩ ዕጣን አስይዞ ወደ ሟች ቤት ሰው መላክ አለበት ተባለ። የመጽሔቱ አዘጋጅ አቶ አካጊ "እኔ እሄዳለሁ" አለ። ይህ ሰው ለሽልማቱ ሁለት ጊዜ ተወዳድሮ ሁለቴም ያላገኘ ነው። ክፋት አልነበረበትም የምለው ራሴን አስገድጄ ነው። "መንገዱ ሩቅ ነው፣ ተራራ ለተራራ ነው፣ አይድከሙ" ብዬ ለመንኩት። ትሕትና መሰለው፤ በባቡር ተሳፍሮ ሄደ።

ሲመለስ እኔን አልጠየቀኝም። በሚቀጥለው መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ላይ "የዘንድሮው ተሸላሚ ግጥሞች ፈጠራ መሆናቸው ተረጋግጧል። የጸሐፊዋ እናት በሙሉ ጤንነት ላይ ይገኛሉ" ብሎ አተመ። አንድ ሰው ጤነኛ በመሆኑ ሌላ ሰው እንዲህ ሲዋረድ አይቼ አላውቅም።

በማስተምርበት ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳው ላይ "መምህርት፣ እናትሽ ዛሬ በስንት ሰዓት ነው የምትሞተው?" ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። አጠፋሁትና ትምህርቴን ቀጠልኩ። ርዕሰ መምህሩ ግን ቢሮው ጠርቶ "እናቷን በወረቀት የገደለች ለሴት ልጆች ምን ታስተምራለች?" አለኝ። "ሰዋስው" አልኩት። ይህን በማለቴ አሁንም አልጸጸትም። የፁያማው ሽማግሌ መቁጠሪያቸው እንዲመለስላቸው ጻፉ። በዚያው ቀን መለስኩላቸው። ይሄ ግን አንገበገበኝ፤ ዛሬም ያንገበግበኛል። ለእሳቸው የምነግራቸው ነገር የለኝም።

ከዚያ አቶ አካጊ ራሱ ያረቀቀው የይቅርታ ጽሑፍ መጣልኝ። ፈርሜ ካልመለስኩ ከማኅበሩ እሰረዛለሁ፣ መጽሐፉም ይቀራል። ጽሑፉ አጭር ነበር፦ "እናቴ ሳትሞት ሞተች በማለት አንባቢን አታልያለሁ። ያለቀስኩላት ሰው የለችም።"

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ልውጠው እችል ነበር። ሰዎች ዋሾ ቢሉኝ ዋሾ ልሁን። ሁለተኛውን ግን አሥር ጊዜ አነበብኩት። ያለቀስኩላት ሰው የለችም። እሷ በሕይወቷ ሙሉ የለችም እንደተባለች ኖራ፣ ከሞተች በኋላ በእጄ ፈርሜ የለችም ልበላት? ብዕሩን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ። መጽሐፌን አሰብኩ፤ እንደገና አነሣሁት። እናቴ፣ አልደብቅሽም፣ የስሜን የመጀመሪያ ፊደል ጽፌ ነበር። ከዚያ ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

አሁን ስላለፈው ኅዳር ልጻፍልሽ። ተነጋግረንበት አናውቅም። ከተነጋገርን ፊት ለፊት አይሆንልንም፤ በደብዳቤ ይሻላል።

አክስቴ ኪኑ ከሞተች በኋላ ነው የደረስኩት። እኔና አንቺ አጠብናት። ሌላ ሰው አላስገባሽም። ሠላሳ ዓመት በጀልባ ከሐይቁ የሚበላ ዛጎል የለቀመ እጅ ነበርና በሞቀ ውኃ ብናሸው፣ ብናሸው፣ ከጥፍሯ ሥር ያለው ጥቁር አሸዋ አልለቅ አለን። አንቺ "ተዪው፣ የራሷ ነው" አልሽ።

በማግስቱ ሬሳ ማቃጠያው ጋ አጥንቷን የምንለቅምበት ሰዓት ደረሰ። አጎቴ ታላቅ ወንድሟ ነውና አጥንቱ የሚነሣበትን የቀርከሃ እንጨት ይዞ ወደ ፊት ቀረበ። አንቺ ከእጁ ወሰድሽበት። ለእኔ ሰጠሽኝና "አንቺ ጀምሪ" አልሽኝ። ሌላ ቃል አልጨመርሽም። አጎቴ መሬት መሬት አየ። ከመንደሩ የመጡት ሴቶችም መሬት መሬት አዩ። ሟች ልጅ ካላት ማን ቀድሞ እንደሚያነሣ በአገራችን ሕፃን እንኳ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ። ከእግሯ አጥንት ጀመርኩ። አጥንቱ ሊያመልጠኝ ሲል አንቺ ከወዲያ በኩል ያንኑ አጥንት በራስሽ እንጨት ደገፍሽልኝ፤ አብረን ወደ ማሰሮው አስገባነው።

ወደ ኦካያማ ስመለስ ባቡሩ ተራራውን እስኪያልፍ ድረስ ብዙ ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። "አክስቴ" ብዬ ስጠራት ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይታ የምትመልሰው ለምን እንደሆነ። ኮሌጅ በገባሁበት ዓመት ሁለተኛዋ ጀልባዋ ለምን እንደተሸጠች። አባቴ ለጦርነት ሲሄድ አንቺን "ልጄን አደራ" ሲል፣ እሷን ግን "ልጅሽን" ብሎ ጀምሮ ዝም ያለበት፣ ያኔ አምስት ዓመቴ ስለነበር ሕልም ነው ብዬ የተውኩት ነገር። አልጠየቅኩሽም። አንቺም አልነገርሽኝም። እንጨቱን በእጄ አስጨብጠሽኛል፤ ከዚያ ወዲያ ምን ይባላል?

ግን ተቆጥቼብሽ ነበር። ይህንን እወቂው። ዓመቱን ሙሉ በየደብዳቤዬ "ጤናሽን ጠብቂ" እያልኩ ውስጤ ይነድ ነበር። መቼም ሰው ምን ይላል ብላችሁ ነው። ለእሷ ክብር፣ ለእኔ ስም፣ ለቤቱ ሰላም ነው። ይገባኛል። የተማርኩ ሰው ነኝ፣ ይገባኛል። ግን አንድ ቀን፣ አንዲት ሰዓት፣ ጀልባዋ ላይ ብቻችንን ሳለን፣ የሚገባትን መጠሪያ እንድጠራት ብትተዉኝ ምን ትጎዱ ነበር? ሐይቁ ለማን ይናገራል?

ስለዚህ ጻፍኩ። መጀመሪያ "አክስቴ" ብዬ ነው የጻፍኩት። አሥራ አንድ ግጥሞች ነበሩ፤ አሥራ አንዱም ሬሳ ነበሩ። ያጠብኩት እጅ የማንም እጅ ሆነ። አንድ ቃል ለወጥኩ። ከዚያ በዘጠኝ ቀን ሠላሳው መጣ። በእኛ ማኅበር ደንብ "እኔ" ማለት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ያንን ደንብ አላፈረስኩም። ከሁሉም በላይ የጠበቅኩት እኔ ነኝ። ግን ይህን ለማን ልበል? አንዲት ቃል ብተነፍስ እሷ በመቃብሯ፣ አንቺ በመንደርሽ የሰው አፍ ማሟሻ ትሆናላችሁ። እናንተ ሃያ አራት ዓመት የጠበቃችሁትን እኔ ለአንድ መጽሐፍ ብዬ አልሸጠውም።

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ከጣፋጭ መሸጫው ፎቅ ላይ ተሰበሰብን። አሥራ አንድ ሰው ነበርን። ወረቀቱን ሳልፈርም ይዤው ሄድኩ። መምህር ናንባ አርጅተዋል፤ ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ ጣል አድርገው ተቀመጡ። አቶ አካጊ ተነሥቶ የጉዞውን ታሪክ ተረከ፤ ፍጅሉን፣ "እስከ ዛሬ ጠዋት አልሞትኩም" ያልሽውን፣ ሁሉንም። ሰው ሳቀ። ከዚያ "ወይዘሪት ኢቶሃራ፣ ፈርመዋል?" አለኝ።

"አልፈረምኩም" አልኩ።

"ምክንያት?"

"ከሠላሳው ግጥም በላይ የምለው የለኝም።"

"ሠላሳውማ ውሸት ነው እኮ!" አለ። ድምፁ ከፍ አለ። "ወይ እናትዎ ሞተዋል፣ ወይ አልሞቱም። ሦስተኛ መንገድ የለም!"

ወይዘሮ ሞሪያሱ ይህን ጊዜ ከጥግ "አንተ ልጅ፣ ስትጮህ ሻዬን አፈሰስክብኝ" አሉ። ከዚያ መጽሔቱን ገልጠው፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አድርገው፣ አሥራ ዘጠነኛዋን ግጥም አነበቡ፦

ወዲያ ቆማ
ነጩን አጥንት
ያዘችልኝ
እጇ አልራደም
ዓይኗ ግን ራደ

"እኔ ስለዚች ሴት ልጠይቃችሁ እፈልጋለሁ" አሉ። "እናትየው ሞታለች እንበል። ታዲያ ይቺ ወዲያ ማዶ የቆመችው ማን ናት? ስድስት ግጥም ላይ አለች። ስም የላትም። ከሟቿ እኩል ነው የተወደደችው። ከእናንተ መካከል ይህን ያየ ሰው አለ?"

እኔ መሬት መሬት አየሁ። እንደ አጎቴ።

"አካጊ፣ ይዘኸው የሄድከውን ዕጣን ምን አደረግከው?" አሉ ቀጥለው።

"ምን ያደርግልዎታል?"

"የማኅበሩ ዕጣን ነው፣ እኔም አዋጥቻለሁ። ሟች ከሌለች ይዘኸው ተመልሰሃል ማለት ነው። የት አለ?"

አቶ አካጊ ቀላ። መናገር እንዳልፈለገ ያስታውቅ ነበር። "ወሰዱት" አለ።

"ማን?"

"ሴትዮዋ ናቸዋ! የሞቱት ሴትዮ! መሳሳቴን ስረዳ ይቅርታ ጠይቄ ልመለስ ነበር። ግጥሙን አሳየኋቸው፣ ልጅዎ የጻፈችው ነው አልኳቸው። ቆመው አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ እጃቸውን ታጥበው መጥተው ዕጣኑን በሁለት እጅ ተቀበሉኝ። ወደ ቤት አስገቡኝ። የቤቱ መሠዊያ ላይ ካለች አንዲት ትንሽ የሙታን መታሰቢያ ሰሌዳ ፊት ተንበርክከው ራሳቸው ለኮሱት።"

"ምን አሉህ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ አሮጊት ናቸው፣ ግራ ተጋብተው ይሆናል..."

"ምን አሉህ ነው የምልህ!"

"'ለእሷ በዚህ ስሟ ሰው መጥቶላት አያውቅም ነበር' አሉኝ። 'ስለ እሷ ሆኜ አመሰግናለሁ' አሉ። 'ልጄ የጻፈችው ልክ ነው' አሉ። ከዚያ የዛጎል ሾርባ አቀረቡልኝ። በቃ። ይሄ ምን ይረዳናል?"

እናቴ፣ ያን ጊዜ የሆንኩትን ልገልጽልሽ አልችልም። ሁለት ወር አንድ የድንጋይ ከረጢት ትከሻዬ ላይ ተሸክሜ ኖሬ አንድ ሰው ከኋላዬ መጥቶ ዝም ብሎ ያነሣልኝ መሰለኝ። አላለቀስኩም። ሰው ፊት አላለቅስም፤ ከአንቺ ነው የወረስኩት። ግን እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ጣቶቼ ሲሞቁ ይታወቀኝ ነበር።

የአቶ አካጊ ፊት ላይ እንኳ አንድ ነገር ዘግይቶ የደረሰ ይመስል ነበር፤ ተቀመጠ። መምህር ናንባ ብርድ ልብሳቸውን አስተካከሉ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉልኝ። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። የጻፍኩትን አንዱን ፊደል አዩት። አጥፈው እጅጌያቸው ውስጥ ከተቱትና "የዚህ ወር ግጥም እስከ ሃያ ድረስ ነው፤ እንዳይዘገይ" አሉኝ።

እንደ ደንቡ ሰግጄ ዝም ማለት ነበረብኝ። አልቻልኩም። "መምህር፣ ግጥሞቼ ውሸት ናቸው ተብሎ ታትሟል። ያ ቃል እስካልተነሣ ድረስ ግጥም አልልክም" አልኩ። አንድ ሽማግሌ "እንዴት ያለች ደፋር ናት!" ሲሉ ሰማሁ። ወይዘሮ ሞሪያሱ "ደፋር ካልሆነች ማን ግጥም ይጻፍ፣ አንተ?" አሏቸው።

መምህር ናንባ አልተቆጡም። "አካጊ ይጽፋል" አሉ።

"ምን ብዬ ልጻፍ?" አለ አቶ አካጊ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

"ያየኸውን።"

የዚህ ወር መጽሔት ዛሬ ደርሶኛል። የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ አንድ መስመር ብቻ ነው፦ "አካጊ በማኅበሩ ስም ወደ ኢቶሃራ ቤት ሄዶ ለእናቲቱ ዕጣን አቅርቧል፤ ቤተሰቡም ተቀብሏል።" ማስተባበያ የለበትም፣ ይቅርታ የለበትም፣ ማብራሪያም የለበትም። አሥር ጊዜ አነበብኩት። ከዚህ የተሻለ አላውቅም። አቶ አካጊን ዛሬም አልወደውም፤ ግን ይህችን መስመር ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንደቀደደ እገምታለሁ።

ያን እሑድ ከስብሰባው ስንወጣ ወይዘሮ ሞሪያሱ ክንዴን ይዘው ጥጉ ላይ ካለው ኑድል ቤት አስገቡኝ። ይጠይቁኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልጠየቁኝም። "ልጄ ብትሆኚ፣ ሁለት ወር ብቻሽን በመቃጠልሽ በጥፊ ነበር የምልሽ። ስላልሆንሽ ግን ሁለተኛ ሳህን እዘዢ" አሉኝ። ሁለተኛውንም ጨረስኩት። ከዚያ ሦስተኛ አዘዝኩ፤ አስተናጋጇ ሳቀችብኝ።

ርዕሰ መምህሩ ገና እንዳኮረፈ ነው። ያኩርፍ። የፁያማው ሽማግሌም መልስ አልጻፉልኝም፤ መቁጠሪያቸው ከእሳቸው ጋር መኖሩ ሳይሻል አይቀርም። ሁሉም ነገር አልተቃናም፣ እንዲቃናም አልጠብቅም። እኔ የፈለግኩት አንድ ነገር ነበር፤ እሱን አንቺ በአንድ ዕጣን ጨረስሽው።

ለሙት ዓመቷ እመጣለሁ። ከትምህርት ቤት ሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቄያለሁ። "ለማን ነው?" ብለው ሲጠይቁኝ የሚገባትን መጠሪያ ተናገርኩ፤ ጸሐፊውም መዝገቡ ላይ ጻፈው። መነኩሴው ሲመጡ፣ ዘመድም ሲሰበሰብ የምቀመጥበትን ቦታ አንቺ አዘጋጂልኝ። የት እንደሆነ አልነግርሽም። ሰው ምን ይላል አትበዪ፤ ሰው ያለውን ሁሉ እኔ ሰምቼ ጨርሻለሁ፣ አልገደለኝም።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ እርማት እስከዚያ ይደርሳል። ይዤልሽ እመጣለሁ። ሠላሳውንም አነብልሻለሁ፤ አንቺ ቁጭ ብለሽ ትሰሚያለሽ፣ "ሥራ አለብኝ" ማለት የለም። ስድስቱ የማን እንደሆኑ አሁን ታውቂያለሽ። ቁጣዬም እዚያ አለ፤ አላወጣሁትም። ሁሉንም ስሚኝ፣ ከዚያ የፈለግሽውን ተናገሪኝ፣ ወይም ዝም በዪ። ዝምታሽን አሁን ማንበብ ችያለሁ።

የቤታችን ሙታን ጉልበትሽን ያጽኑልሽ። ክረምቱ በቀስታ ይግባብሽ። ሐይቁ ለጎረቤቶችሽ ዛጎል፣ ለአንቺ ሰላም ይስጥሽ። ዕድሜሽን ያርዝምልኝ፤ ገና ብዙ የምንነጋገረው አለን።

የሁለታችሁ ልጅ